ስንት ጂ ይችላል? ወይስ በስንት ጂ ምን ይሠራል?
በከፍተኛ ሽምጠጣ ሥር የሰውን የአእምሮና የእጅ ሥራ ስለመለካት
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)




አንድ አግዳሚ ሲነደፍ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። የመጀመሪያው፣ ጭነቱ ምን ያህል ቢሆን ይሰበራል? የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ገና ሳይሰበር ምን ያህል ቢጎብጥ ለተሠራበት አገልግሎት የማይበቃ ይሆናል? የሚለው ነው። አግዳሚው ሳይሰበር በሩ አልዘጋ ሊል፣ ግድግዳውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህ ልዩነት በዚህ ጉባኤ ፊት ማብራሪያ አያሻውም። ሰውን በሚመለከት ግን፣ በተለይም በፈጣን አውሮፕላንና በመንኰራኩር ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው በሚመለከት፣ ለብዙ ጊዜ ጎልቶ ሲጠየቅ የኖረው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የተገኙት መልሶች የሚያስደንቁ ናቸው። ኮሎኔል ጆን ፖል ስታፕ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1954 በኒው ሜክሲኮ በረሃ በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ላይ ተቀምጦ፣ በድንገት ሲቆም 46.2 ጂ ተቀብሎ በሕይወት ወጣ። ፍላናጋን ግሬይ የተባለው ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ውሃ በሞላበት የብረት ሣጥን ውስጥ ገብቶ በሴንትሪፊውጅ 31.25 ጂ ለ5 ሴኮንድ ታገሠ። ይሁን እንጂ ስታፕ ከተንሸራታቹ ሲወርድ ዓይኑ ለጊዜው አያይም ነበር፤ ግሬይም በሣጥኑ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ከመቆየት በቀር የሚጠበቅበት ሥራ አልነበረም። ሁለቱም አልተሰበሩም፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት አውሮፕላን አብርሩ ቢባሉ ምን ይሆን ነበር? የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ሁለተኛው ጥያቄና መልሱ የተፈለገበት የአለካክ ዘዴ ነው።

በሳይንስ መዝገበ ቃላት ሽምጠጣ የተባለው፣ በየሥራው ቦታ ግን አክስለሬሽን ተብሎ የሚታወቀው ነገር፣ ፍጥነት በመጠንም ሆነ በአቅጣጫ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚገልጽ ነው። የመሬት ስበት የሚሰጠው ሽምጠጣ በሴኮንድ በሴኮንድ 9.8 ሜትር ስለሆነ፣ ይህን እንደ መስፈሪያ ወስዶ 1 ጂ ማለት የተለመደ ነው። አብራሪው አውሮፕላኑን በጠባብ ክብ ሲያዞር 6 ጂ ቢደርስበት፣ እያንዳንዱ የሰውነቱ ክፍል ስድስት እጥፍ ይከብደዋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ክንዱ ከነመዳፉ ወደ 3.5 ኪሎ ይሆናል፤ በ6 ጂ ያው ክንድ 21 ኪሎ ነው። ውሃ የሞላ የሃያ ሊትር ጀሪካን በክንድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በዚያው ክንድ ጫፍ አንዲትን ትንሽ ማብሪያ ሳይስቱ መንካት ማለት ነው።

አቅጣጫው ከመጠኑ የማይተናነስ ቁም ነገር ነው። ተዋጊ አውሮፕላን ሲታጠፍ ጫናው ከራስ ወደ እግር ይወርዳል፤ በሮኬት ጫፍ ላይ በጀርባው የተንጋለለ ጠፈርተኛ ግን ጫናውን ከደረት ወደ ጀርባ ይቀበለዋል። በዚህ በሁለተኛው አቅጣጫ ሰው እጅግ የበለጠ ይችላል። ምክንያቱ ተራ የፈሳሽ ግፊት ስሌት ነው። በተቀመጠ ሰው ከልብ እስከ ዓይን ያለው ቁመት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህን ያህል ቁመት ያለው የደም ዓምድ በ1 ጂ ወደ 22 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ይበላል። ልብ አጠገብ ያለው አማካይ ግፊት 100 ነው ቢባል፣ ራስ ዘንድ የሚደርሰው 78 ነው። በ3 ጂ ወደ 34 ይወርዳል። በ4.5 ጂ ግን 1 ብቻ ይቀራል፤ ይህም የለም ከማለት አይለይም። ሰውየው በተጋደመ ጊዜ ልብና ራስ በአንድ ደረጃ ላይ ስለሚውሉ ይህ ሁሉ ቅናሽ አይኖርም፤ የሚያስቸግረው የትንፋሽ ነገር ነው።

ከዚህ ስሌት ለአለካክ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር ይወጣል። የዓይን ኳስ በውስጡ የራሱ ግፊት አለው፤ ይህም ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ደም ወደ ዓይን ለመግባት ይህን ግፊት ማሸነፍ አለበት። ስለዚህ ጫናው ሲጨምር ከአእምሮ በፊት የሚደክመው ዓይን ነው። በመጀመሪያ ቀለም ይደበዝዛል፣ የዳር እይታ እየጠበበ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ፈጽሞ ይጨልማል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ሊሰማና ሊያስብ ይችላል፤ የማይችለው ማየት ብቻ ነው። ጫናው ከቀጠለ ራሱን ይስታል። የአእምሮ የኦክሲጅን ቅሪት፣ ደም ከተቋረጠ በኋላ ንቃትን ይዞ የሚያቆየው ለ5 ሴኮንድ ያህል ነው።

እርግጥ ሰውነት እንደ ቧንቧ በድን አይደለም። የግፊቱን መውረድ ሲያውቅ የደም ሥሮቹን ያጠባል፣ የልብን ምት ያፈጥናል። ይህ የራስ መቆጣጠሪያ ግን ከ6 እስከ 10 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ጂው በሴኮንድ በ0.1 እየጨመረ ቀስ ብሎ ከመጣ፣ ሰውነት ይደርስበታል፤ ሰውየውም አንድ ጂ ያህል የበለጠ ይችላል፣ የእይታው መጥበብም ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል። ጂው በሴኮንድ በብዙ ከዘለለ ግን፣ የአምስቱ ሴኮንድ ቅሪት የሰውነትን ምላሽ ሳይጠብቅ ያልቃል። እይታ ሳይደበዝዝ፣ አንዳች ምልክት ሳይኖር ንቃት ይጠፋል። ከ1970ዎቹ ወዲህ የተሠሩት ተዋጊ አውሮፕላኖች ይህን ዐይነት አደጋ አበረከቱ። በቢሾፍቱ ያሉት ሱኮይ 27 አውሮፕላኖችም የዚሁ ትውልድ አባላት ስለሆኑ ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ፍጹም ባዕድ አይደለም።

ይህን ሁሉ በአየር ላይ መለካት አደገኛም ውድም ስለሆነ፣ ልኬቱ ወደ መሬት ወረደ። መሣሪያው ሴንትሪፊውጅ ነው፤ በአጭሩ፣ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ጫፉ ላይ የተገጠመለት ረጅም ተሽከርካሪ ክንድ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የሚነሣው በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ግዛት በጆንስቪል፣ በባሕር ኃይሉ የአየር ምርምር ማዕከል የተተከለውና እ.ኤ.አ. በ1952 የተመረቀው ነው። ክንዱ 50 ጫማ፣ ማለትም 15.24 ሜትር ነበር፤ የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር 4,000 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ እስከ 40 ጂ ይደርስ ነበር። ስሌት ለሚወድ፣ በዚህ ክንድ 9 ጂ ለማግኘት በደቂቃ 23 ዙር፣ 40 ጂ ለማግኘትም 48 ዙር ያህል ይበቃል። ክንዱ 6 ሜትር ቢሆን ኖሮ ለ9 ጂ ብቻ 37 ዙር ያስፈልግ ነበር።

የክንዱ መርዘም ለግርማ ሞገስ አይደለም። በተቀመጠ ሰው ራስና እግር መካከል የ1 ሜትር ልዩነት ቢኖር፣ በ9 ጂ በረጅሙ ክንድ ላይ 0.6 ጂ፣ በአጭሩ ላይ ግን 1.5 ጂ ልዩነት ይፈጠራል። ከዚህም ሌላ ዙሩ ሲፈጥን፣ ሰውየው አንገቱን ባዞረ ቁጥር የውስጥ ጆሮው ይታለልና የተቀመጠበት ክፍል የተገለበጠ ይመስለዋል። ይህ ማዞር ሥራውን ያበላሽበታል፤ ሆኖም ከጂው ሳይሆን ከመለኪያው የመጣ ስሕተት ነው። አውሮፕላን የሚዞርበት ክብ እጅግ ሰፊ ስለሆነ በአየር ላይ ያን ያህል አይታይም። መለኪያው የሚለካውን ነገር ራሱ ሲለውጠው መገኘቱ በዚህ ሙያ የተለመደ ችግር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ተለኪው ሰው ስለሆነ ችግሩ ይብሳል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሥራ ልኬቱ እጅግ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ሥራ በጀመረው የማዮ ክሊኒክ ሴንትሪፊውጅ፣ ኧርል ዉድና ባልደረቦቹ ከተቀመጠው ሰው ፊት ለፊት አንድ መብራት፣ በግራና በቀኝም ሌሎች መብራቶች አደረጉ፤ ድምፅም ጨመሩበት። መብራቱ ሲበራ ወይም ድምፁ ሲሰማ ሰውየው ቁልፍ ይጫናል። ለዳሩ መብራት መመለስ ሲያቆም የዳር እይታው ጠፍቷል፤ ለመካከለኛው ሲያቆም ጨልሞበታል፤ ለድምፁ ሲያቆም ራሱን ስቷል። የዚህ ዘዴ ብልኅነት በቀላልነቱ ላይ ነው። ያም ሆኖ የሚለካው የሥራን መጥፋት እንጂ የሥራን መበላሸት አይደለም፤ ወደ አግዳሚው ምሳሌ ቢመለሱ፣ አሁንም የመሰበሩን እንጂ የመጉበጡን ልክ አይናገርም።

የመጉበጡን ልክ ለማግኘት የተወሰደው መንገድ የክትትል ሥራ የሚባለው ነው። በሰሌዳ ላይ አንዲት ነጥብ ወዲያና ወዲህ ትንቀሳቀሳለች፤ ሰውየው በመቆጣጠሪያ ዘንጉ ከመካከል እንዳትወጣ ያደርጋል። የነጥቧ ከመካከል መራቅ በየቅጽበቱ ተመዝግቦ፣ ካሬው ተደምሮ፣ ከአማካዩ ላይ ሥርወ ካሬ ይወጣል፤ አንድ ቁጥር ይገኛል። የቁጥጥር ሥርዓት ትምህርት የተማረ መሐንዲስ እዚህ ላይ ሰውየውን እንደ አንድ የዑደቱ አካል፣ ማለት አጉሊነትና የመዘግየት ጊዜ ያለው አካል አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ በጫና ሥር መዘግየቱ ከረዘመ ዑደቱ ወደ መንቀጥቀጥ እንደሚሄድም ያውቃል።

በጆንስቪል የተሠራው ከዚህም አለፈ። ለኤክስ 15 የምርምር አውሮፕላን ዝግጅት በተደረገበት ጊዜ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ሴንትሪፊውጁ በማዕከሉ ከነበረው ታይፉን ከተባለ ትልቅ የአናሎግ ኮምፒዩተር ጋር ተያያዘ። አብራሪው ዘንጉን ሲያንቀሳቅስ ኮምፒዩተሩ የአውሮፕላኑን የእንቅስቃሴ እኩልዮሽ ይፈታል፤ የሚመጣውን ጂ ያሰላል፤ ክንዱም ያን ጂ ይሰጣል፤ የተሰጠው ጂ ደግሞ የአብራሪውን እጅ ይጫናል፤ የተጫነው እጅ ዘንጉን ያንቀሳቅሳል። ዑደቱ ተዘጋ። ከዚያ በፊት ጫናው አስቀድሞ በተወሰነ መርሐ ግብር ይሰጥ ነበር፤ አሁን ግን ሰውየው በራሱ ስሕተት የራሱን ጫና የሚያመጣ ሆነ። ይህ እውነተኛው የበረራ ሁኔታ ነው።

ከዚህ የተገኘው ውጤት ምናልባት ከሁሉ የሚጠቅመው ነው። አውሮፕላኑ በተፈጥሮው የረጋ ሲሆን፣ ብርቱ ጂ እንኳ የሠለጠነውን አብራሪ ሥራ ብዙም አያበላሽበትም። አውሮፕላኑ የሚወዛወዝና ማርገቢያ የጎደለው ሲሆን ግን፣ በቆመ ክፍል ውስጥ እንደ ምንም ሊቆጣጠረው የቻለው ሰው፣ በዚያው ሥራ ላይ ጂ ሲጨመርበት ይሸነፋል። ስለዚህ ሰው በ6 ጂ ይህን ያህል በመቶ ይደክማል ብሎ በጥቅሉ መናገር ትርጉም የለውም፤ የትኛውን መኪና፣ በየትኛው መሪ? ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሆኖም በየመማሪያ መጽሐፉ የሚታየው ደረቅ ሠንጠረዥ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለዋል።

መሪው ራሱ የልኬቱ አካል ነው። በጂ ሥር ክንድ ሲከብድ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ሰውየው ያሰበውን እንቅስቃሴ መፈጸም ያቅተዋል፣ ያላሰበውንም እንቅስቃሴ ክብደቱ ይፈጽምለታል። ክንዱን ማንሣት በማይችልበት ጫና ላይ ግን የእጅ አንጓውና ጣቶቹ ገና ይሠራሉ። ኤክስ 15 ከመካከለኛው ዘንግ ሌላ በቀኝ በኩል በአንጓ ብቻ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ዘንግ የተበጀለት በዚህ ምክንያት ነው። ኤፍ 16 ደግሞ ክንድ የሚያርፍበት መደገፊያና የጎን ዘንግ ይዞ መጣ። በመጀመሪያ ያ ዘንግ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ፣ የእጅን ግፊት ብቻ የሚለካ ነበር። አብራሪዎቹ ግን እጃቸው ምን እንዳደረገ ሊታወቃቸው አልቻለምና ቅሬታ አቀረቡ፤ ዘንጉ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። የዚያው አውሮፕላን ወንበር 30 ዲግሪ ወደ ኋላ መጋደሉ ብዙ ይወራለታል፤ በስሌት ግን የደሙን ዓምድ የሚያሳጥረው 13 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ አብራሪው ጠላቱን ለማየት ወደ ፊት ባዘነበለ ጊዜ ደግሞ ይህም ይቀራል።

ከእጅ ወደ አእምሮ ሲመጡ ነገሩ ይወሳሰባል። ሰውየው የመሣሪያ ሰሌዳ ተሳስቶ ቢያነብ፣ የተሳሳተው ዓይኑ ነው ወይስ ማስተዋሉ? በ1950ዎቹ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ጂ ሲጨምር የሚበዛው የንባብ ስሕተት፣ የሰሌዳው ብርሃን ሲጎላ በብዙ እንደሚቀንስ ታይቷል። እንግዲያውስ የአእምሮ ድካም መስሎ ከታየው ውስጥ ብዙው የብርሃን ማነስ ነበር። ከዚህ በኋላ የታወቁት ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም አንዱ በጆንስቪል የነበረው ራንዳል ቼምበርስ፣ የእይታን ጉድለት ከሐሳብ ጉድለት የሚለዩ ፈተናዎችን ፈለጉ። ምልክቶች በተከታታይ ይታያሉ፤ ሰውየው አሁን የሚታየው ከጥቂት ጊዜ በፊት ካየው ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን በጣቱ ይመልሳል። ጣቱ እንዳይከብደው ቁልፉ ከእጁ ሥር ይደረጋል፤ ምልክቱም ደማቅ ይሆናል። የቀረው ማስታወስ ብቻ ነው።

ሌላው መሰናክል ሰው መማሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተለካው ከአሥረኛው ቀን ጋር አይወዳደርም፤ ጂው ቢጨምርም ውጤቱ ተሻሽሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ተፈታኙ ሥራውን አስቀድሞ በ1 ጂ ውጤቱ እስኪረጋ ድረስ መለማመድ አለበት። ከዚህ ላይ የመታገል ስልቱ ይጨመራል፦ የእግርና የሆድ ጡንቻን አጥብቆ በየ3 ሴኮንዱ መተንፈስ። ይህ ስልት 3 ጂ ያህል ሊጨምርለት ይችላል፤ የሚነፋው ልብስ ብቻውን ግን ከ1 እስከ 1.5 ጂ ያህል ነው የሚጨምረው። ይሁን እንጂ መታገል ራሱ ሐሳብን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስሌት እየሠራ የሚታገለው ሰው ስሌቱን ቢሳሳት፣ ደም ስላነሰው ነው ወይስ ሐሳቡ ስለተከፈለ? በዚያ ላይ በ9 ጂ 15 ሴኮንድ ብቻ ለሚቆይ ሙከራ በየ2 ሴኮንዱ አንድ ጥያቄ ቢቀርብ፣ የሚገኘው ሰባት መልስ ነው። ከሰባት መልስ አማካይ አውጥቶ ሦስት አኃዝ መጻፍ የሚያሳፍር ቢሆንም በየዘገባው ይታያል።

ከሰው አስቀድሞ የተለካው ቺምፓንዚ መሆኑም ሊጠቀስ ይገባል። ሃም የተባለው ቺምፓንዚ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1961 በሬድስቶን ሮኬት ሲተኮስ፣ ሰማያዊ መብራት ሲበራ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ዘንግ እንዲጫን ሠልጥኖ ነበር፤ ቢዘገይ እግሩ ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርስበታል። ሮኬቱ ከታቀደው በላይ ስለገፋ በመውጫው እስከ 17 ጂ፣ በመመለሻው 14.7 ጂ ደረሰበት። ሆኖም በበረራው ላይ የነበረው የምላሽ ጊዜ በመሬት ላይ ከነበረው በጥቂት የሴኮንድ ክፍልፋይ ብቻ ዘገየ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ አለን ሼፓርድ በተመሳሳይ ሮኬት ሄዶ ሲመለስ 11 ጂ ገደማ ሲደርስበት፣ ፍርሃቱ የነበረው በሞት ላይ ብቻ ሳይሆን የሚጠበቅበትን መሥራት አለመሥራቱ ላይም ነበር። ያን የመሰለ ጥርጣሬ እንዲቀንስ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የዚያ እንስሳ ዘንግ ነው፤ እንስሳው ፈቃዱ ያልተጠየቀ መሆኑ ግን በሠንጠረዡ ውስጥ የሚገባበት ዓምድ አልተገኘለትም።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ትኩረቱ ራስን በመሳት ላይ አረፈ። ጄምስ ዊነሪ የተባለው ሐኪም በሴንትሪፊውጅ ላይ ራሳቸውን የሳቱ ብዙ ሰዎችን መዝገብ መርምሮ፣ ፈጽሞ ያለመንቃት ጊዜው በአማካይ ወደ 12 ሴኮንድ፣ ከነቁ በኋላ የሚቀጥለው የመደናበር ጊዜ ደግሞ ያንኑ ያህል መሆኑን አሳየ። በጠቅላላው ወደ 24 ሴኮንድ መሆኑ ነው። በሴኮንድ 250 ሜትር የሚበር አውሮፕላን በዚህ ጊዜ 6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ አፍንጫው ወደ መሬት የዞረ እንደሆነ 6 ኪሎ ሜትር ከፍታ ብዙ ጊዜ የለም። ብዙዎቹ ራሳቸውን መሳታቸውን አያስታውሱም፤ ሲጠየቁም ይክዳሉ። አየር ላይ የደረሰውን ቁጥር ከአብራሪዎች ምስክርነት ለማግኘት የሚደረገው ሙከራ ሁሉ ከእውነቱ በታች የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው።

በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች የባሰውን አሳዩ። ሰው ራሱን ፈጽሞ ሳይስት፣ ዓይኑ እንደተገለጠ፣ አንገቱም እንደቆመ ሥራውን የሚያቆምበት ሁኔታ አለ። የሚባለውን ይሰማል፤ መመለስ ግን አይችልም። ማድረግ ያለበትን ያውቃል፤ እጁ አይታዘዝለትም፤ አንዳንዱም ነገሩ ግድ አይሰጠውም። ለድምፅ ቁልፍ የሚያስጫነው የድሮው ፈተና ይህን ሰው በተሳሳተ ክፍል ሊመድበው ይችላል። የክትትልና የሒሳብ ሥራ በአንድነት ሲሰጠው ግን ጉድለቱ ይታያል፤ ዓይኑን ከገለጠ በኋላም ወደ ቀድሞ ደረጃው እስኪመለስ፣ ከ24 ሴኮንዱ በላይ ጊዜ እንደሚፈጅበት ይመዘገባል።

ለዚህ አደጋ የተገኘው ብርቱ መፍትሔ ከልኬቱ አለመምጣቱ የሚገርም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በአሜሪካ አየር ኃይል ኤፍ 16 አውሮፕላኖች ላይ የገባው ራሱን የቻለ ከመሬት የማራቂያ ሥርዓት ስለ አብራሪው ምንም አይጠይቅም። አውሮፕላኑ የት እንዳለ፣ በምን ፍጥነትና አቅጣጫ እንደሚሄድ፣ ከሥሩ ያለው የመሬት ከፍታ ምን እንደሆነ ያሰላል፤ አብራሪው በጊዜው ካላቃናው በመጨረሻው ቅጽበት ራሱ ያቃናዋል። በ2016 በአሪዞና ልምምድ ላይ የነበረ አንድ ተማሪ አብራሪ በ8 ጂ ገደማ ራሱን ስቶ፣ አሠልጣኙ በሬዲዮ እየጮኸ አውሮፕላኑ ወደ መሬት ሲወረወር፣ ያቃናለት ይኸው ሥርዓት ነው። በኋላ ነቅቶ ዘንጉን ያዘ።

ሥርዓቱ ግን የሚነቃው መሬት ሲቀርብ ብቻ ነው። በ9,000 ሜትር ላይ ዓይኑን ገልጦ የደነዘዘውን አብራሪ አያውቀውም። ስለዚህ በግንባር ላይ ተለጥፎ፣ ለዓይን በማይታይ ቀይ ብርሃን የአእምሮን ኦክሲጅን የሚለካ መሣሪያ በሴንትሪፊውጅ ላይ ሲፈተን ቆይቷል። የነዳፊው ችግር ይህ ነው፦ መሣሪያው ፈጥኖ ከጮኸ፣ ብርቱ ሆኖ የሚታገለውን ሰው ዘንግ ከእጁ ይነጥቀዋል፤ ከዘገየ ከሰሌዳ መብራት አይሻልም። አንዱን ከሌላው ለመለየት፣ በአንድ ሙከራ የግንባሩ ኦክሲጅን፣ የክትትሉ ስሕተትና የሒሳቡ መልስ በአንድ የጊዜ መስመር ላይ ይመዘገባሉ፤ የሚፈለገውም ኦክሲጅኑ መውረድ ከጀመረበት እጁ መሳሳት እስከጀመረበት ድረስ ያለው የጥቂት ሴኮንዶች ርቀት ነው።